ሰፊ ጎማ ለሃርድቴይል፦ ከ2.4 እስከ 3.0 ኢንች የትኛው ይበጃል?

ሃርድቴይል የምንለው ከፊት ብቻ አሞርዛተር ያለው፣ ከኋላ ግን የሌለው የተራራ ብስክሌት ነው። የፊቱ ፎርክ ድንጋዩን ዋጥ ያደርገዋል። የኋላው ጎማ ያንኑ ድንጋይ ሲያገኘው ግን ምቱ በቀጥታ ወደ ወገብ ይወጣል። ለዚህ ነው ብዙ ነጂ አንድ ቀን ተነስቶ «ሰፊ ጎማ ባስገባበትስ?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም የሚባለው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ምርጫው ነው። 2.4 አለ፤ 2.6 አለ፤ «ፕላስ» የሚባሉት 2.8 እና 3.0 አሉ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ፋት የሚባለው አለ። በዚያ ላይ የመንኮራኩሩ ቁመት፣ የ27.5 እና የ29 ኢንች ጣጣ ይጨመርበታል። ሻጭ ስትጠይቁ ሁሉም አሪፍ ነው ይላችኋል።

እዚህ የማንንም ምርት ማሞገስ አልፈልግም። መጀመሪያ ሰፊ ጎማ ምን እንደሚሠራ እናያለን። ከዚያ መለኪያ እናወጣለን፣ ምርጫዎቹንም በዚያ መለኪያ አንድ በአንድ እንፈትናለን። ሠንጠረዡ ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው። የምትቸኩሉ እሱን አይታችሁ መመለስ ትችላላችሁ፤ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ግን አትዝለሉት፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

የምትገዙት ስፋት አይደለም፣ ንፋስ የመቀነስ ነፃነት ነው

ሰፊ ጎማ መሬት የሚይዘው ሰፊ ስለሆነ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ጎማ መሬት ላይ የሚያሳርፈውን ገላ በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የተሸከመው ክብደትና ውስጡ ያለው የንፋስ ግፊት። ነጂውና ሳይክሉ አንድ ላይ 90 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። የኋላው ጎማ 60 በመቶውን ከተሸከመ 54 ኪሎ አረፈበት ማለት ነው። ይህ ጎማ 25 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ከተነፋ መሬት የሚነካው ገላ ወደ 31 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ንፋሱን ወደ 15 ስታወርዱት 51 ይደርሳል። የጎማው ጨርቅ ራሱ ያለውን ጥንካሬ ስላልቆጠርን ቁጥሩ ግምት ነው፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የጎማው ስፋት አልገባም።

ታዲያ ስፋት ምን ይጠቅማል? ንፋስ ለመቀነስ ያስችላል። 2.25 ኢንች ጎማ 15 ላይ ብትነዱት የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ፣ «ጓ!» ይላል። ኩርባ ላይ ደግሞ ጎማው ወደ ጎን ይተኛባችኋል። 3.0 ኢንች የሆነው ከመሬት እስከ ቸርኬው ድረስ ብዙ ርቀት ስላለው 15ን ያለ ችግር ይሸከማል። ሰፊ ጎማ የሚለሰልሰው፣ ልቅ ጠጠር ላይ የሚይዘው፣ ሥር ላይ የማይንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ላይ ደረስን። የጎማ ጨርቅ የሚወጠረው በንፋሱ መጠን ብቻ ሳይሆን ንፋሱ በጎማው ስፋት ተባዝቶ ነው። 2.25 ኢንች ጎማ በ20 ፒኤስአይ እና 3.0 ኢንች ጎማ በ15 ፒኤስአይ ጨርቃቸው እኩል ይወጠራል። ሰፊ ጎማ አስገብታችሁ እንደ ድሮው 25 ከነፋችሁት ግን ከአሮጌው ጎማ የባሰ ይደርቃል፤ ድንጋይ ሲያገኝ ይነጥራል። ክብደት ጨምራችሁ ምቾት ቀነሳችሁ ማለት ነው። «ፕላስ ሞክሬው ነበር፣ እንደ ኳስ ያነጥራል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ስንት ይነፋው እንደነበር ጠይቁት።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ጎማ አሞርዛተርን እንደማይተካ ነው። ፎርክ ውስጥ ዘይት አለ፤ ምቱን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጎማ ግን የተቀበለውን ወዲያው ይመልሳል። በዝግታ ስትሄዱ ይህ አይሰማችሁም። በፍጥነት እየወረዳችሁ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደራረብ ግን የኋላው ጎማ ከመሬት እየተነሳ ይዘላል። ለስላሳ ሰፊ ጎማ በዝግታና በመካከለኛ ፍጥነት ንጉሥ ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ የምመዝነው በአምስት ነገር ነው። ይገባል ወይ? ምን ዓይነት መሬት ላይ ትነዳላችሁ? እናንተና ዕቃችሁ ስንት ትመዝናላችሁ? በምን ያህል ፍጥነት ትወርዳላችሁ? ጎማው ሲያልቅ ሌላ ታገኛላችሁ? ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ካልተሟላ ግን የቀረው ከንቱ ስለሆነ እሱን አስቀድሙ።

ሳይክላችሁን ገልብጡና የኋላውን ጎማ ሁለቱ የፍሬም ክንዶች ከፔዳሉ ዘንግ ጀርባ በሚጠብቡበት ቦታ ተመልከቱት። በጎማውና በፍሬሙ መካከል በየጎኑ ስንት ሚሊሜትር እንዳለ ለኩ። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ በየጎኑ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር መትረፍ አለበት። ጭቃ የሚበዛበት መንገድ ከሆነ ከዚያም በላይ። ጠጠር በዚያች ክፍተት ሲሰነቀር ፍሬሙን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ካርቦን ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ከፎርኩ ሁለት እግሮች መካከልና ከላይ ካለው ድልድይ ሥርም እንዲሁ ለኩ። የፎርክና የፍሬም አምራቾች የሚፈቅዱትን ትልቁን ስፋት በመመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ተመልከቱት።

ጎማው ላይ የተጻፈውን የኢንች ቁጥር ብቻ አትመኑ። በጎኑ ላይ «57-622» ወይም «71-584» የመሰለ ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ 622 ማለት 29፣ 584 ማለት 27.5 ነው። እውነተኛው ስፋት ደግሞ በቸርኬው ይወሰናል። የቸርኬው ውስጣዊ ስፋት 5 ሚሊሜትር ሲጨምር ጎማው ወደ 2 ሚሊሜትር ይሰፋል። አዲስ ጎማ ተነፍቶ ሲያድርም ትንሽ ስለሚለጠጥ በገባበት ቀን ለክታችሁ «ልክ ነው» ብላችሁ አትዝጉት።

ቸርኬው ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። 2.8 ጎማ ውስጡ 23 ሚሊሜትር የሆነ ቸርኬ ላይ ይወጣል፤ ግን ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠብባል። ንፋስ ስትቀንሱ ኩርባ ላይ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ንፋሱን መልሳችሁ ትጨምራላችሁ፤ ሰፊ ጎማ የገዛችሁበት ምክንያት እዚያው አለቀ። ለፕላስ ውስጡ ቢያንስ 35 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ከልክ በላይ መስፋቱም ጥሩ አይደለም፤ ጎማው ጠፍጣፋ ይሆንና ጎኑ ለድንጋይ ይጋለጣል።

29 በ2.2 እስከ 2.4፦ የተለመደው

ከሳይክሉ ጋር አብሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፈጣን ነው፤ ቀላል ነው፤ በየትኛውም ቦታ ይገኛል። ጭቃ ላይ ሁሉንም ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ላዩ ላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል። መሪው ስትጠመዝዙት ወዲያው ይታዘዛል። ረጅም ዳገት የምትወጡ፣ የምትወዳደሩ፣ ወይም መንገዳችሁ በአብዛኛው የተደቆሰ አፈር ከሆነ ሌላ መፈለግ የለባችሁም።

ድክመቱ የኋላው ጎማ ነው። ልቅ ድንጋይ የሞላበት ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትረግጡ ይሽከረከርባችኋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ምቱን ሁሉ እግራችሁ ይቀበላል። ከመነዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ ካለው ንፋስ መቀነስ አትችሉም። ድንጋዩና ቸርኬው ከመነዳሪውን በመካከላቸው ቆንጥጠው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጡበታል። እነዚያን ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ካያችሁ እሾህ አይደለም የወጋችሁ፤ ንፋስ አንሷችሁ ነው።

29 በ2.6፦ መካከለኛው

ሐቁን ልናገርና፣ ብዙ ሃርድቴይል ነጂ ሊያቆም የሚገባው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2.3 ወይም ከ2.4 አንጻር ንፋሱን ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ ዝቅ ታደርጉበታላችሁ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን ወገብ ያውቀዋል። እንደ ፕላስ አይዋዥቅም፤ በፍጥነትም አይነጥርም። ቸርኬው 30 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ይበቃዋል፤ ይህ ደግሞ ዛሬ በብዙ የተራራ ብስክሌት ላይ ያለ ስፋት ነው። ስለዚህ ቸርኬ መቀየር ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው የጎማው ውፍረት ነው። አንዳንድ 2.6 ጎማ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ጎኑ በጣም ስስ ተደርጎ ይሠራል። ሃርድቴይል ላይ የኋላው ጎማ ከማንም በላይ ይቀጠቀጣል። ለኋላ ከ950 ግራም በታች የሆነ 2.6 ስታዩ ጎኑን በሁለት ጣት ቆንጥጡት። እንደ ወረቀት ከታጠፈ ለፊት ይሁን፣ ለኋላ ግን አይሁን።

27.5 በ2.8 እስከ 3.0፦ እውነተኛው ፕላስ

ይህ መጠን እ.ኤ.አ. ከ2015 አካባቢ ጀምሮ በሰፊው ተሰራጨ። ሐሳቡ ብልህ ነበር። 27.5 ቸርኬ ላይ ወፍራም ጎማ ስታደርጉ አጠቃላይ ቁመቱ ከ29 ጋር ይቀራረባል። 29 በ2.3 ወደ 737 ሚሊሜትር ሲሆን 27.5 በ2.8 ወደ 722 ይሆናል። ስለዚህ ቦታው ከበቃ አንድ ፍሬም ሁለቱንም ሊቀበል ይችላል። በዚያው ዘመን «ቡስት» የሚባለው ሰፋ ያለ ሞዞ (የመንኮራኩሩ እምብርት)፣ ከፊት 110 ከኋላ 148 ሚሊሜትር የሆነው፣ መለመዱም ለዚህ ጎማ መንገድ ከፈተለት።

የሚያበራበት መሬት ግልጽ ነው፦ ልቅ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ የዛፍ ሥር፣ ደረጃ ደረጃ የሆነ ቀጥ ያለ ዳገት። ጭንቅላት የሚያክል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ድንጋይ አስቡ። 2.3 ጎማ ሲያገኘው መጀመሪያ ይቆማል፣ ከዚያ ይዘላል፤ ኮርቻው ከሥር ይመታችኋል። 2.8 ጎማ በ15 ፒኤስአይ ድንጋዩን ወደ ውስጡ ይቀበለዋል። ጎማው ሲጎደጉድ ታያላችሁ፤ ሳይክሉ ግን መንገዱን አይስትም፤ ፔዳል መርገጣችሁንም አታቋርጡም። ጀማሪ ሰው በዚህ ጎማ ቶሎ ድፍረት ያገኛል፤ ይህንን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። የፈራ ሰው ፍሬን ላይ ይንጠለጠላል፤ ፍሬን ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደግሞ ይወድቃል። ሻንጣና ድንኳን ጭነው ለቀናት የሚጓዙም ይወዱታል። ጭነቱ የሚፈጥረውን ድርቀት ያለሰልስላቸዋል።

የሚያስከፍለው ደግሞ አለ። አንደኛ፣ ጥሩው ንፋስ ያለበት ክልል ጠባብ ነው። 2.3 ጎማ ላይ 2 ፒኤስአይ ቢያንስ ወይም ቢበዛ ብዙም አይሰማችሁም። ፕላስ ላይ 13 ሲሆን ይዋዥቃል፣ 15 ሲሆን ያማረ ነው፣ 19 ሲሆን ይነጥራል። ሁለተኛ፣ የፊት ጎማው ንፋስ ሲያንስ አስፋልት ወይም ጠንካራ መሬት ላይ መሪው ይከብዳል፤ ልትመልሱት ስትሉ በራሱ ወደ ጎን የሚጎትት ይመስላል። ሦስተኛ፣ ጭቃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጥርሱ አጫጭር ከሆነ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። አራተኛ፣ 29 ሆኖ በተሠራ ፍሬም ላይ ከገባ የፔዳሉ ዘንግ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ወደ መሬት ይወርዳል። ለስላሳ ጎማ ስትቀመጡበት ደግሞ ተጨማሪ ይሰምጣል፤ ፔዳሉ ድንጋይ መምታት ይጀምራል።

አምስተኛውን ለብቻው ልናገረው፤ ዛሬ ሲገዛ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ። የተራራ ብስክሌት ዓለም ወደ 29 በ2.4 እስከ 2.6 ተመልሷል። የ27.5 ፕላስ አዳዲስ ጎማዎች እየቀነሱ ነው፤ በተለይ ጎናቸው ጠንካራ የሆኑት። ቀድሞውኑ ያላችሁ ሰዎች ሳይክላችሁን አትሽጡት፤ ጥሩ ጎማ ስታገኙ ግን አንድ ተጨማሪ ገዝታችሁ አስቀምጡ። አዲስ የምትገዙ ደግሞ 27.5 ፕላስ ብቻ የሚቀበል ሳይሆን 29 በ2.6ንም የሚቀበል ፍሬም ምረጡ።

29 በ2.8 እስከ 3.0

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ክራምፐስ የተባለው የሰርሊ ኩባንያ ብስክሌት ይህን ልክ ካስተዋወቁት አንዱ ነው። የመንኮራኩሩ ቁመት ወደ 770 ሚሊሜትር ይደርሳል። አንዴ ከተንከባለለ የሚያቆመው የለም፤ ጉድጓድና ድንጋይ ሁሉ እንደሌለ ይሆናል። ለረጅም ጉዞ፣ ለአሸዋማ ሜዳ፣ ለረጃጅም ሰዎች የሚመች ነው። ለማንቀሳቀስ ግን ይከብዳል፤ ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ ፍጥነት ለመመለስ እግር ይፈልጋል። አጭር ሰው ሲነዳው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጎማው ልብሱን ሊነካው ይችላል። ለእሱ የተሠራ ፍሬምና ፎርክም ይፈልጋል፤ ተራ 29 ሃርድቴይል ውስጥ አይገባም።

ፋት፣ 3.8 እና ከዚያ በላይ

ለበረዶና ለባሕር ዳርቻ አሸዋ ነው። የራሱ ፍሬም፣ የራሱ ሞዞ፣ ከ65 እስከ 100 ሚሊሜትር የሚሰፋ የራሱ ቸርኬ አለው። እንዲህ ያለ መሬት ከሌላችሁ እለፉት።

ፊትና ኋላ የተለያየ

ይህ ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኔ ግን የምወደው አማራጭ ነው። ከፊት አሞርዛተር አላችሁ፤ ከኋላ የላችሁም። ታዲያ ለምን ሁለቱ ጎማ አንድ ዓይነት ይሆናል? ፍሬማችሁ 2.6 የሚያስገባ ከሆነ ከፊት 29 በ2.4፣ ጥርሱ ጠንካራና ንቁ የሆነ፤ ከኋላ 29 በ2.6፣ ጎኑ ወፍራም የሆነ አድርጉ። መሪው ቀልጣፋ ይሆናል፤ ወገባችሁም ይተርፋል። ከኋላ 27.5 በ2.8 እና ከፊት 29 በ2.5 ወይም 2.6 የሚያደርጉም አሉ። ቁልቁለት ላይ በጣም ይጥማል፤ የፔዳሉን ከፍታ ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

በአንድ እይታ

ንፋሱ የተሰላው ከነልብሱ 75 ኪሎ ለሚሆን፣ ያለ ከመነዳሪ፣ ማለትም በቱብለስ ለሚነዳ ሰው ነው። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም።

| ምርጫ | የቸርኬ ውስጣዊ ስፋት (ሚ.ሜ) | ንፋስ ፊት / ኋላ (ፒኤስአይ) | የአንድ ጎማ ክብደት (ግራም) | የሚያሸንፍበት | የሚሸነፍበት |
|---|---|---|---|---|---|
| 29 በ2.2–2.4 | 25–30 | 20–22 / 23–26 | 650–1000 | ጭቃ፣ ዳገት፣ ውድድር | ልቅ ድንጋይ፣ ምቾት |
| 29 በ2.6 | 29–35 | 17–19 / 20–22 | 800–1100 | የተቀላቀለ መንገድ | ስስ ጎን ያላቸው ይቀደዳሉ |
| 27.5 በ2.8–3.0 | 35–40 | 13–15 / 15–18 | 800–1100 | ልቅ ድንጋይ፣ ሥር፣ ጭነት | ጭቃ፣ ከፍተኛ ፍጥነት፣ የምርጫ ማነስ |
| 29 በ2.8–3.0 | 35–45 | 12–14 / 14–16 | 900–1250 | ረጅም ጉዞ፣ አሸዋ | ኩርባ የበዛበት፣ አጭር ነጂ |
| ፋት 3.8+ | 65–100 | 6–8 / 7–10 | 1200–1700 | በረዶ፣ ጥልቅ አሸዋ | የቀረው ሁሉ |

ለማን የትኛው?

መንገዳችሁ የተቀላቀለ ከሆነ፣ ማለትም ጥቂት አስፋልት፣ ጥቂት አፈር፣ ጥቂት ድንጋይ፣ 29 በ2.6 ከኋላ አድርጉና ጨርሱ። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ በዝግታ ድንጋያማ መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ፣ ወይም ጀርባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ፕላስ ይክሳችኋል። ከ95 ኪሎ በላይ የምትመዝኑ ሰዎችም ሰፊ ጎማ በጣም ይጠቅማችኋል፤ ጠባብ ጎማ ላይ 30 መንፋት ሲኖርባችሁ ፕላስ ላይ 20 ይበቃችኋል። ከ60 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ግን 2.4 ላይም ንፋሱን ወደ 17 እና 18 ማውረድ ስለሚችል ፕላስ ብዙም አይጨምርለትም። ክብደቱን ተሸክሞ ይቀራል። በፍጥነት መውረድ የምትወዱ ደግሞ ስፋት ሳይሆን ወፍራም ጎን ያለው 2.4 ወይም 2.5 ፈልጉ።

ወደ ገንዘብ ስንመጣ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ቢሆን እመክራለሁ። ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ ባላችሁ ጎማ ላይ ንፋስ ቀንሱ። ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ሳይክል ላይ ጎማው ከሚገባው በላይ ተነፍቶ ነው የሚነዳው። ጥቂት ካላችሁ እስከ 30 ፒኤስአይ ብቻ የሚለካ የንፋስ መለኪያ ግዙ። የትልቁ ፓምፕ መለኪያ እስከ 160 ስለሚቆጥር 14ን ከ18 አይለይላችሁም። በአውራ ጣት ተጭኖ መገመትም አይሠራም፤ ጨርቁ በስፋቱ ስለሚወጠር ሰፊው ጎማ በዝቅተኛ ንፋስም ጣት ላይ ደረቅ ሆኖ ይሰማል።

ቀጥሎ ቱብለስ ነው። ከመነዳሪውን አውጥታችሁ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ትጨምራላችሁ። ለፕላስ ለአንድ ጎማ ከ100 እስከ 150 ሚሊሊትር ይበቃል። በዚህ ብቻ ንፋሱን 2 ወይም 3 ፒኤስአይ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ፕላስ በከመነዳሪ መንዳት ግማሹን ጥቅም መጣል ነው፤ የፕላስ ከመነዳሪ ብቻውን ወደ 300 ግራም ይመዝናል። ከዚያ የኋላውን ጎማ ብቻ ወደ 2.6 ቀይሩ። አዲስ መንኮራኩር ማሠራት፣ ቸርኬ ከነራጂው ከነሞዞው፣ የመጨረሻው ነው። ለፕላስ ብላችሁ ያን ሁሉ ከማውጣታችሁ በፊት ከጓደኛ ተውሳችሁ በራሳችሁ መንገድ ላይ ሞክሩት።

ልኩን ማግኘት

ጎማውን ካስገባችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሥራ አትዝለሉት። ከሠንጠረዡ የላይኛው ቁጥር ጀምሩ። 10 ኪሎ በጨመራችሁ ቁጥር ከ1 እስከ 1.5 ፒኤስአይ ጨምሩ፤ ስትቀንሱም እንደዚያው። አጭርና የምታውቁት መንገድ ምረጡ፤ ጥቂት ድንጋይ፣ አንድ ጠንከር ያለ ኩርባ፣ አንድ ዳገት ያለበት። እየዞራችሁ በየዙሩ 1 ፒኤስአይ ብቻ አውጡ። አንድ ጊዜ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ትሰማላችሁ፤ ወይም ኩርባው ላይ ጎማው ሲተኛ ይሰማችኋል። ከዚያ 1 ወይም 2 መልሱበት። ልካችሁ እሱ ነው። ቁጥሩን ጻፉት።

ኋላው ሁልጊዜ ከፊቱ 2 ወይም 3 ይብለጥ። አስፋልት ላይ ብዙ የምትሄዱበት ቀን ከሆነ 4 ወይም 5 ጨምሩና መንገዱ ሲጀመር አውጡት። ለመጨመር ትንሽ ፓምፕ ይዛችሁ ውጡ፤ ሰፊ ጎማ ንፋሱ ብዙ ስለሆነ ክንድ ያደክማል።

ቸርኬው አሁንም እየተመታ ካስቸገራችሁ፣ ንፋስ ብትጨምሩ ደግሞ የሚነጥር ከሆነ፣ ጎማው ውስጥ የሚገባ የአረፋ ቀለበት አለ። ከኋላ ብቻ አድርጉት። ክብደት ይጨምራል፤ ሃርድቴይል ላይ ግን ያዋጣል። ለመግጠም ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ጎማ ማውለቅና ማስገባት ያልለመደ ሰው ባለሙያ ጋ ቢወስደው ይሻለዋል።

አየሩና ከፍታውም ልኩን ይቀይሩታል፤ ፕላስ ላይ ደግሞ ይህ ይሰማል። 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 15 ፒኤስአይ ነፍታችሁ 5 ዲግሪ ወደሆነ ውጭ ስትወጡ ወደ 13 ይወርዳል። ጎማው ሲቀዘቅዝ ውጭ ለኩት። ከፍታ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ከባሕር ጠለል ነፍታችሁ 1500 ሜትር ወደ ላይ ብትወጡ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ጎማው ከ2 ፒኤስአይ በላይ የጨመረ ያህል ይጠነክራል። በመኪና ተጭኖ ወደ ተራራ የሚሄድ ሳይክል ጠዋት ቤት የተነፋ ከሆነ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት እዚያው ላይ እንደገና ይለካ።